ሁለት ቀን በፎገራ ሜዳ፦ ስንጥቅ አፈር፣ ጥም እና የግራር ጥላ

ጉዞ በዕቅድ ይጀመራል ይባላል። ይህ ጽሑፍ የተወለደበት ጉዞ ግን ያለ ዕቅድ የተጀመረ ነው። በ2011 ዓ.ም. መጋቢት ወር መገባደጃ ላይ፣ በአንድ ዓርብ ማታ፣ ባሕር ዳር ከሚገኘው ቤታችን የጾም ሽሯችንን በልተን ቡና እየጠጣን ሳለ «ነገ ከከተማ ብንወጣስ?» የሚል ሐሳብ ከመካከላችን ተነሣ። ባልና ሚስት ነን፤ አንዳችን ፊዚክስ፣ አንዳችን ሥነ ሕይወት እናስተምራለን። ከአንድ ባልደረባችን ድንኳን፣ ከሌላው አሮጌ መኪና ተዋስን። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ የጎንደርን መንገድ ይዘን ወደ ፎገራ ሜዳ አመራን። በሁለቱ ቀናት ያየነውንና የደረሰብንን እዚህ የምንተርከው ጉዞው የተለየ ስለ ነበረ አይደለም። በክፍል ውስጥ ለዓመታት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንጽፋቸው የኖርናቸው ነገሮች በዚያ ሜዳ ላይ በእግራችን ሥር፣ በጉሮሯችንና በቆዳችን ላይ ስለ ተፈተኑ ነው።

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ሐሙሲትን ያለፈ መንገደኛ በመጀመሪያ የሚያገኘው ትልቅ ወንዝ ጉማራ ነው። ከድልድዩ ላይ ቆመን ቁልቁል ስንመለከት በድንጋዮቹ መካከል የሚሾልክ ቀጭን ውሃ ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ ይህ ወንዝ በክረምት ማብቂያ ላይ ከጣና ሐይቅ የሚወጡ የባርበስ ወገን ዓሦች እንቁላላቸውን ለመጣል ሽቅብ የሚጓዙበት መንገድ ነው። በጣና ውስጥ ከአንድ የጋራ አባት የተገኙ፣ በአፋቸው ቅርጽና በአመጋገባቸው የተለያዩ ከ15 የማያንሱ የዚህ ወገን ዝርያዎች ይኖራሉ። ስለ እነርሱ ብቻ አንድ ሙሉ ጽሑፍ ማዘጋጀት ይቻላልና ለጊዜው እንለፋቸው።

ወረታ ስንደርስ ፀሐይ ከጉና ተራራ በላይ ወጥታለች። ወረታ የመንገድ መገንጠያ ከተማ ናት፤ አንዱ መንገድ ወደ ጎንደር ሲቀጥል ሌላው በቻይናውያን እርዳታ የተሠራውና ሕዝቡም እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» የሚለው በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ ይዘልቃል። እኛ ግን በጎንደሩ መንገድ ጥቂት ተጉዘን፣ መኪናችንን ከአንድ ነጋዴ ግቢ አስጠብቀን፣ ሻንጣችንን በጀርባችን አዝለን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ በእግር ጀመርን።

ፎገራን በክረምት ያየ ሰው በመጋቢት ሲያየው አያውቀውም። በክረምት ከአድማስ እስከ አድማስ ውሃ የተኛበት፣ ሩዝ ያረንጓዴለት ሜዳ በዚህ ወቅት ከወንዝ ዳር የሽንኩርት እርሻዎች በቀር ሣር አልባ፣ ዛፍ አልባ፣ ግራጫና ጥቁር ነው። ሙቀቱ በአየር ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ሩቅ ያለ የከብት መንጋ በውሃ ላይ የሚሄድ ይመስላል። በረሃ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ደናክልን ነው። ሳይንቲስቶች በረሃን የሚለዩት ግን በአብዛኛው በዓመታዊው የዝናብ መጠን ማነስ ስለ ሆነ፣ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚያገኘው ፎገራ በዚህ መለኪያ በረሃ ሊባል አይችልም። ችግሩ ዝናቡ በጥቂት የክረምት ወራት ተጠቃሎ መምጣቱ ነው። ስለዚህ ሜዳው በየዓመቱ ሁለት ጠባይ ይለዋውጣል፤ ለተወሰኑ ወራት ረግረግ፣ ለተወሰኑ ወራት ደግሞ የበረሃ ታናሽ ወንድም። እኛ የገባነው በሁለተኛው ጠባዩ ላይ ነበር።

አንድ ሰዓት እንኳ ሳንራመድ ያስቆመን የመሬቱ ስንጥቅ ነው። መላው ሜዳ አምስትና ስድስት ማዕዘን ባላቸው ቅርጾች ተከፋፍሎ፣ በመካከላቸው እጅ የሚያስገቡ ክፍተቶች ተከፍተዋል። በእጃችን የነበረውን የመንገድ ዱላ በአንዱ ስንጥቅ ውስጥ ብንሰደው እስከ እጀታው ድረስ ገባ። ዱላው ከአንድ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ይህ አፈር ገበሬው ዋልካ የሚለው፣ የአፈር ጠበብት ቨርቲሶል ብለው የሰየሙት ጥቁር ሸክላ አፈር ነው። በአገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር የሚበልጥ መሬት በዚህ አፈር እንደ ተሸፈነ ይገመታል።

ታዲያ ለምን ይሰነጠቃል? መልሱ በዓይን በማይታይ ደረጃ ላይ ነው ያለው። ይህን አፈር የሚገነባው ስሜክታይት የሚባል የሸክላ ማዕድን እንደ መጽሐፍ ገጾች በተደራረቡ እጅግ ቀጫጭን ንጣፎች የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ንጣፍ በገጹ ላይ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል አለው። ይህን ሙል ለማመጣጠን እንደ ካልሲየምና ሶዲየም ያሉ አዎንታዊ ሙል ያላቸው አዮኖች በገጾቹ መካከል ይቀመጣሉ፤ አዮኖቹ ደግሞ የውሃ ሞለኪውሎችን ወደ ራሳቸው ይስባሉ። ዝናብ ሲጥል ውሃው በገጾቹ መካከል እየገባ ያራርቃቸዋል፤ መጽሐፉ ይወፍራል፤ አፈሩም ያብጣል። ውሃው በሚተንበት ጊዜ ገጾቹ ተመልሰው ይጠጋጋሉ፤ አፈሩ ይኮማተራል። ነገር ግን መሬት እንደ ጨርቅ ከዳር ተሰብስቦ ሊኮማተር አይችልምና በየቦታው ይቀደዳል። ማዕዘናማው ቅርጽ የሚመጣው ውጥረቱ በየአቅጣጫው እኩል ስለሚሠራ ነው፤ በደረቀ የሐይቅ ጭቃ ላይም፣ በቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ዐለት ላይም ተመሳሳይ ቅርጽ ይታያል።

ይኸው ጠባይ ለሩዝ እርሻ ምክንያት ሆኗል። አፈሩ ካበጠ በኋላ ስንጥቆቹ ይዘጋሉ፤ ውሃ ወደ ታች እንዳይሰርግ ይከለክላል፤ ሜዳውም እንደ ሳፋ ውሃ ይቋጥራል። ከጥንት ጀምሮ ገበሬውን ሲያስቸግር የኖረው ይህ የተኛ ውሃ በደርግ ዘመን ሩዝ ወደ አካባቢው ከገባ ወዲህ ሀብት ሆነ። ዛሬ ፎገራ የአገሪቱ ዋና የሩዝ ምድር ነው፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የሚገኘው በዚሁ ነው። ውሃው ግን ሁልጊዜ በልክ አይመጣም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው፣ ሐይቁም ከፍ ብሎ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የሜዳው ነዋሪዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል።

ስንጥቆቹን ልብ በሉልን፤ ሲመሽ እንመለስባቸዋለን።

አሁን ስለ ስሕተታችን እንናገር። ለሁለት ሰው የያዝነው ውሃ አራት ሊትር ነበር። ዓርብ ማታ ስንነሣ «ሐይቅና ወንዝ ባለበት አገር ማን ውሃ ይሸከማል?» ተባብለናል። ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው በቤቱ እያለ እንዲህ ያለ ንግግር መነገሩ የሚያሳፍር ነው፤ ስሌቱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበርና።

አንድ ሰው ሻንጣ አዝሎ በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ሲራመድ ሰውነቱ በያንዳንዷ ሴኮንድ ወደ 400 ጁል የሚጠጋ ሙቀት ያመነጫል። በአንድ ሰዓት ይህ ከ1.4 ሚሊዮን ጁል ይበልጣል። አየሩ ከቆዳችን እምብዛም በማይቀዘቅዝበት ቀን ሰውነት ይህን ሙቀት የሚያስወግድበት ዋናው መንገድ ላብ ነው። አንድ ግራም ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን ወደ 2,400 ጁል የሚሆን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። አንዱን ለሌላው ብናካፍል በሰዓት 600 ግራም፣ ማለትም ከግማሽ ሊትር በላይ ውሃ እናገኛለን። ከላይ የፀሐይ ጨረር፣ ከታች የጋለው አፈር የሚጨምሩት ሲታከልበት በሰዓት ከሦስት አራተኛ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ይደርሳል። ከማለዳ እስከ ቀትር አምስት ሰዓት የሚጓዙ ሁለት ሰዎች እንግዲህ ወደ ስምንት ሊትር ያስፈልጋቸዋል። እኛ ግማሹን ይዘናል።

አታላዩ ነገር ደግሞ የአየሩ ድርቀት ነው። በእርጥብ አየር ላብ በግንባር ላይ ይንቆረቆራልና ሰው ውሃ እያጣ መሆኑን ያውቃል። በደረቅ አየር ግን ላቡ ገና ከቆዳ ሲወጣ ስለሚተን ልብስ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። እኛም «ዛሬ እምብዛም አላላበንም» እያልን ነበር። የቀረው ምልክት በሸሚዛችን ጀርባ ላይ የተሠራው ነጭ የጨው መስመር ብቻ ነው።

አንድ ሰው የክብደቱን ሁለት በመቶ ያህል ውሃ ሲያጣ ትኩረቱና ስሜቱ መዛባት ይጀምራል። 65 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ 1.3 ሊትር ብቻ ነው። ከቀኑ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ውሃችን ሊያልቅ ሲል፣ በአንድ የከብት መንገድ ምክንያት ተጣላን። አንዳችን «በቀኝ»፣ አንዳችን «በግራ» እያልን በዚያ ፀሐይ ላይ ቆመን ተከራከርን። ዛሬ ስናስበው ያ ጠብ የሐሳብ ልዩነት ሳይሆን የውሃ ጉድለት ነበር። ራስ ምታቱም ተከተለ። ሐይቁን የማየቱን ሐሳብ ትተን ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ርብ ወንዝ ዞርን።

ርብን ከመድረሳችን በፊት ከሜዳው ጫፍ፣ መሬቱ ወደ ኮረብታ መነሣት ከሚጀምርበት ስፍራ፣ ጥቂት ግራሮች ቆመው አገኘን። በዚያ ሜዳ ላይ ጥላ ማግኘት ምን ማለት እንደ ሆነ መግለጽ አያስፈልግም። ሻንጣችንን ጥለን፣ ጫማችንን አውልቀን፣ በተሰነጠቀው መሬት ላይ ነጠላ አንጥፈን ለአንድ ሰዓት ያህል እንቅልፍ ወሰደን።

በዘጠኝ ሰዓት ገደማ ርብ ደረስን። ወንዙ በአሸዋው መካከል ጠብቦ ይፈሳል፤ በዳርና ዳሩ የውሃ መሳቢያ ሞተሮች ይጮኻሉ፤ ሽንኩርትና ቲማቲም ለምልሟል። ውሃው ቡና በወተት መስሏል። አንድ ብርጭቆ ቀድተን አንድ ሰዓት ብናስቀምጠው አሸዋው ወረደ እንጂ ድፍርሱ አልጠራም። ይህም የዚያው ሸክላ ሥራ ነው። እያንዳንዱ ቅንጣት አሉታዊ ሙል ስላለው አንዱ ሌላውን ይገፋል፤ ተያይዘው ከብደው መስመጥ አይችሉም። ለዚህ ነው የውሃ ማጣሪያ ተቋማት አሉም የሚጨምሩት፤ አዎንታዊ ሙል ያለው ነገር ሲገባ ቅንጣቶቹ ይቀራረቡና ይሰምጣሉ። የሽፈራው ዛፍ ፍሬ ተወቅጦ ድፍርስ ውሃ ሲያጠራም ምሥጢሩ ያው ነው፤ በፍሬው ውስጥ ያለው ፕሮቲን አዎንታዊ ሙል አለው። እኛ ሁለቱም አልነበረንም። በነጠላ አጥልለን በትንሿ የጋዝ ምድጃችን ላይ አፈላነው።

በወረታ ከፍታ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ፣ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለ ሆነ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። ተማሪዎቻችን «ታዲያ ተውሳኩን ይገድላል ወይ?» ብለው ይጠይቁናል። ይገድላል። በሽታ የሚያመጡት ተሕዋስያን ከዚህ በታች ባለ ሙቀትም ይሞታሉ፤ የሚንተከተክ ውሃ ለጥቂት ደቂቃ በእሳት ላይ መቆየቱ በቂ ነው። ባቄላ መቀቀል ግን ይዘገያል፤ ይህን የደጋ እናቶች ሁሉ ያውቁታል። በወንዙ ውስጥ እግራችንን ለመንከር አለመቸኮላችንም ለብልህነት ሊቆጠርልን ይችል ይሆናል፤ በጣና ዙሪያ ቢልሐርዝያ አለና፣ የተውሳኩ ዕጭ ደግሞ ውሃ ሳይጠጣ በቆዳ በኩል ይገባል።

ጠጥተን ነፍሳችን መለስ ካለች በኋላ ከወንዙ በላይ ካለች ጉብታ ላይ ተቀመጥን። ወደ ምዕራብ ጣና እንደ ብር ሳህን ያበራል። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ግን በጣም ጥልቅ በሆነበት ስፍራ እንኳ ከ15 ሜትር አይበልጥም። ይህን ያህል ሰፊና ይህን ያህል ስስ የሆነ ሐይቅ ለዝናብ ማነስ እጅግ የተጋለጠ ነው።

ነገሩ ግምት ብቻ አይደለም። በዌልስ የአቤሪስትዊዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ሄንሪ ላምብና ባልደረቦቻቸው ከሐይቁ ወለል በቧንቧ የጭቃ ናሙና አውጥተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2007 አሳትመዋል። የሐይቅ ጭቃ በየዓመቱ እየተነባበረ ስለሚሄድ ወደ ታች መቆፈር ወደ ኋላ ዘመን መጓዝ ነው። ከታች በኩል ያገኙት ለስላሳ የሐይቅ ጭቃ ሳይሆን በፀሐይ የደረቀ ጠጣር ደለል ነበር፤ ከዚያ በላይ የረግረግ ዕፅዋት ቅሪት፤ ከዚያም በላይ የዛሬው ዓይነት ጭቃ። ከ18,700 እስከ 16,700 ዓመት ገደማ በፊት ባለው ዘመን ጣና ደርቆ ነበር። በኋላም ፊላና ደንገል የበቀለበት ረግረግ ሆነ፤ ሞልቶ ወደ ዓባይ መፍሰስ የጀመረው ከ15,000 ዓመት ወዲህ ነው። በዚያው ዘመን የቪክቶሪያ ሐይቅም ደርቆ እንደ ነበር ሌሎች ጥናቶች ያሳያሉ። ሁለቱም የዓባይ ምንጮች በአንድ ዘመን መክሰማቸው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ዝናብ የሚያመጣው የነፋስ ሥርዓት ያኔ ክፉኛ ተዳክሞ እንደ ነበር ያመለክታል። እኛ ከጉብታው ላይ ሆነን ያን ሰፊ ውሃ እየተመለከትን፣ አንድ ቀን እንደ ረገጥነው ያለ ስንጥቅ መሬት ሆኖ ለማሰብ ሞከርን። በጠዋት ቢሆን ኖሮ አይሳካልንም ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ቀላል ሆነልን።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ድንኳን ለመትከል ወደ እነዚያው ግራሮች ተመለስን። ካስማውን መምታት ስንጀምር ከብቶቻቸውን እየነዱ የሚመለሱ አንድ አረጋዊ አዩንና ወደ እኛ መጡ።

«እንደምን አመሻችሁ ልጆቼ፤ ምን ልታደርጉ ነው?»

«ልናድር ነው አባባ።»

«ከዚህ? ከግራር ሥር?» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ከዚህ አይታደርም። የወንድሜን ልጅ የቀበርነው በዚህ ነገር ነው። ንቀሉና ከግቢዬ እደሩ።»

ከመካከላችን ሥነ ሕይወት የምታስተምረው ወዲያው ገባት። አረጋዊው የተናገሩት ስለ ጅብ አልነበረም። ስለ ካላ አዛር ነበር።

ካላ አዛር ሊሽማንያ ዶኖቫኒ በተባለ፣ በአጉሊ መነጽር ብቻ በሚታይ ጥገኛ ተውሳክ የሚመጣ በሽታ ነው። ተውሳኩ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው የአሸዋ ዝንብ በምትባል፣ ርዝመቷ ከሦስት ሚሊ ሜትር በማይበልጥ፣ ድምፅ የሌላት ነፍሳት ንክሻ ነው። ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ በጉበት፣ በጣፊያና በመቅኔ ውስጥ ይራባል። ለሳምንታትና ለወራት የማይለቅ ትኩሳት፣ መክሳት፣ የደም ማነስና የጣፊያ ማበጥ ያስከትላል። ካልታከመ ከመቶ ሕሙማን ከ95 የማያንሱትን ይገድላል። በደጋው ፊትን የሚያቆስለው ቁንጭር የዚህ በሽታ ዘመድ ቢሆንም በሌላ የተውሳኩ ዝርያ የሚመጣና እንዲህ የማይገድል ነው።

በአገራችን ካላ አዛር የሚታወቀው እንደ መተማና ሑመራ፣ እንደ ኦሞ ሸለቆ ባሉ ቆላዎች ነበር። ከ1,800 ሜትር በላይ በሆነው በዚህ አካባቢ ማንም አልጠበቀውም። በ1997 ዓ.ም. ግን በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች የወባ መድኃኒት ያላዳነው ትኩሳት ብዙ ሰው ሲገድል ምርመራ ተደርጎ ካላ አዛር መሆኑ ተረጋገጠ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከጤና ባለሥልጣናት ጋር በመተባበር በአዲስ ዘመን ከተማ የሕክምና ጣቢያ ከፈቱ። በሽታው እንዴት መጣ? ከዚህ አካባቢ በየዓመቱ ብዙ ወጣቶች ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሑመራ ይወርዳሉ። አንዳንዶቹ ተውሳኩን በደማቸው ይዘው እንደ ተመለሱ ይታመናል። ተውሳኩ ግን ነካሽ ዝንብ ባይጠብቀው ኖሮ ከእነርሱ አያልፍም ነበር።

ዝንቧን የሚያኖራት ምንድን ነው? እዚህ ላይ ወደ ስንጥቆቹ እንመለሳለን። የአሸዋ ዝንብ ቆዳዋ ስስ ስለ ሆነ የቀን ፀሐይና ድርቀት ይገድላታል። ስለዚህ ቀኑን ጨለማና እርጥበት ባለበት ስፍራ ተሸሽጋ ትውላለች። ዱላችን እስከ እጀታው የገባበት ስንጥቅ ከላይ ቢደርቅም ከውስጥ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፤ የበሰበሰ ቅጠልም ይጠራቀምበታል። በሱዳንና በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ይህን በሽታ የምታስተላልፈው የዝንብ ዝርያ፣ ፍሌቦቶመስ ኦሪየንታሊስ፣ ጥቁር ስንጥቅ አፈርና ግራር በአንድነት ከሚገኙበት ምድር ጋር ያላት ቁርኝት ከታወቀ ቆይቷል። በፎገራና በሊቦ ከምከም በተደረገው አሰሳም ይህችው ዝርያ ተገኝታለች። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ደግሞ በዚሁ አካባቢ የታመሙትን ካልታመሙት ጋር አነጻጽሮ፣ ሌሊት ከቤት ውጭ የማደር ልማድ፣ ውሻ ማሳደርና በቀን ከግራር ሥር መተኛት ከበሽታው ጋር የተያያዙ ሆነው አግኝቷቸዋል።

በቀን ከግራር ሥር መተኛት። ይህን ስታስታውስና ስትነግረው ሁለታችንም ዝም ብለን ተያየን። ያን ዕለት ከቀትር በኋላ ያደረግነው እርሱን ነበርና። አረጋዊው ይህን ሁሉ ጥናት አላነበቡም፤ ግን ከጥናቱ በፊት የቀበሩት ሰው ነበራቸው።

ካስማውን ነቅለን ተከተልናቸው። እንግዳ ከደጅ አያድርም ብለው ከቤት ሊያስገቡን ግድ ብለው ነበር፤ ብዙ ከተለማመጥን በኋላ ከግቢያቸው በተጠረገው አውድማ ላይ ድንኳናችንን እንድንተክል ፈቀዱ። ባለቤታቸው ጥቁር እንጀራ በሽሮ አቀረቡልን፤ ቡናም ተፈላ። የድንኳኑን መረብ በጥንቃቄ ዘጋነው፤ ይሁንና ተራ የትንኝ መረብ ለአሸዋ ዝንብ ቀዳዳው ሰፊ ሊሆን እንደሚችል ማወቃችን እንቅልፋችንን አልባረከውም። በፀረ ነፍሳት መድኃኒት የተነከረ አጎበር የተሻለ ነው፤ እኛ ግን አልያዝንም።

እኩለ ሌሊት ላይ ብርድ ቀሰቀሰን። ቀን 30 ዲግሪ የነበረ ሜዳ እንዴት እንዲህ ይቀዘቅዛል? መሬት ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን በማይታይ ጨረር መልክ ወደ ሰማይ ይልካል። በክረምት ደመናና የውሃ እንፋሎት ይህን ጨረር ተቀብለው ከፊሉን ይመልሱታል፤ እንደ ብርድ ልብስ ያገለግላሉ። በመጋቢት ሰማዩ ጥርት፣ አየሩም ደረቅ ነውና ብርድ ልብሱ የለም። በዚያ ላይ ከጉና ገደላ ገደሎች የሚቀዘቅዘው አየር ከብዶ እንደ ውሃ ወደ ሜዳው ይወርዳል። ድንኳን በጎድጓዳ ስፍራ መትከል የማይመከረው አንዱ ለዚህ ነው። ጨረቃ አልነበረችም። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ አንድ ጭብጥ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ይታያል፤ እጅ ተዘርግቶ ሲጨበጥ አሥር ዲግሪ ያህል ይሸፍናል፣ ወረታ ደግሞ ከምድር ወገብ 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ስላለች ኮከቡም ያን ያህል ነው ከፍታው። ፊታችንን ወደ ደቡብ ስናዞር የደቡብ መስቀል ቀጥ ብሎ ቆሟል።

በማግስቱ አረጋዊውንና ባለቤታቸውን ተሰናብተን፣ ስምንት ሊትር የፈላ ውሃ ይዘን ተመለስን። ከጉዞው ይልቅ ረጅም የሆነው ከዚያ በኋላ የመጣው ጥበቃ ነው። ካላ አዛር ከንክሻው በኋላ ምልክቱን ለማሳየት ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ይፈጅበታል። ሚያዝያና ግንቦት በሰላም አለፉ። በሰኔ ሁለተኛ ሳምንት ግን ከሁለታችን አንዱ በብርቱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ በሚል ስሜት ተያዘ።

ወደ ጤና ተቋም ስንሄድ የተቀበለችን ወጣት ነርስ የደም ናሙና ወስዳ ተመለሰች። በደሙ ውስጥ የወባ ተውሳክ ተገኝቷል፤ ቫይቫክስ የሚባለው፣ በጉበት ውስጥ ለሳምንታትና ለወራት ተኝቶ ሊነቃ የሚችለው ዓይነት። ስለዚህ በዚያች ሌሊት የገባ ይሁን፣ ወይም በሌላ፣ ማወቅ አይቻልም። መድኃኒቱን ከጻፈች በኋላ ባለፉት ወራት ከከተማ ወጥተን እንደ ሆነ ጠየቀችን። ፎገራ፣ ርብ አጠገብ አልናት። ብዕሯን አስቀመጠችና ጣፊያውን በእጇ ዳሰሰች፤ አላበጠም። ከጣት ጥቂት ደም ወስዳ በቀጭን ወረቀት ላይ የሚሠራውን የካላ አዛር ምርመራ ጨመረች።

ውጤቱን እስክትነግረን ድረስ ያለፉት ደቂቃዎች ከሁለቱ ቀናት ሁሉ ይረዝሙ ነበር። ነጻ ነው አለች፤ ግን ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ካልተወ ተመለሱ ብላ አስጠነቀቀችን። ካርዱን እየሞላች ቀና ሳትል አንድ ጥያቄ ደገመች።

«ከግራር ሥር ተኝታችሁ ነበር?»

«አንድ ሰዓት» አልናት።

ያንንም ጻፈችው።